የፈሩት እብጠት ይቆያል፤ የግንባርዎ ጸጉር ግን ጊዜ አይሰጥም

ጥያቄ (ደብዳቤው አጥሮ የቀረበ)፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። አናቴ ላይ ከዓመታት በፊት ሽምብራ የምታህል እብጠት ወጥታ ነበር። ቀስ እያለች አድጋ አሁን ትልቅ የባቄላ ፍሬ አክላለች። አታመኝም፤ ስነካት ከቆዳዬ ሥር ትንሸራተታለች። እናቴም ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ሁለት አላት። ሹሩባ የምትሠራኝ ሴት ‹ካንሰር እንዳይሆን› ካለችኝ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሐኪም ቤት ልሂድ ስል ደግሞ እናቴ ‹ብረት ከነካው ይሰራጫል፤ ተዪው› ትለኛለች። ፊቴና አንገቴ ላይም ትንንሽ ጥቁር ነገሮች በዝተውብኛል፤ ጎረቤቴ ‹በክር አስሬ ልጣልልሽ› አለችኝ። 7 ዓመት የሆነው ልጄ ደግሞ ቆረቆር ይዞት ጸጉሩ በየቦታው ተመልጧል። ቅባት ቀባሁት፤ ነጭ ሽንኩርት አሸሁት፤ አልተወውም። ትምህርት ቤት ልጆቹ አጠገቡ አይቀመጡም፤ ኮፍያ አድርጎ ይውላል። በነገራችን ላይ የግንባሬ ግራና ቀኝ ጸጉርም እየሸሸ ነው፤ እሱ እንኳ የዕድሜ ነገር ስለሆነ በሹሩባ እሸፍነዋለሁ። ስለ እብጠቷ እባክዎ ይንገሩኝ።»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከላይ የወጣው ደብዳቤዎ አጥሮ ነው እንጂ ስለ እብጠቷ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈውልኛል። ስለ ልጅዎ ጥቂት መስመሮች፣ ስለ ግንባርዎ ጸጉር ደግሞ «በነገራችን ላይ» ብለው አንድ ዓረፍተ ነገር። እኔ መልሴን ከዚያች ዓረፍተ ነገር እጀምራለሁ። ከጠየቁኝ ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። ስለ እብጠቷ ግን እስከዚያ እንዳይጨነቁ አንድ ነገር ላስቀድም፦ የነገሩኝ ሁሉ፣ ማለትም አለማመሟ፣ መንሸራተቷ፣ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብላ ማደጓና እናትዎም ያላቸው መሆኑ የሚያመለክተው ካንሰር ወዳልሆነ ነገር ነው። በእጅ ዳስሶ የሚያረጋግጥ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ዛሬ ማታ ግን ይተኙ።

አሁን ወደ ግንባርዎ። «የዕድሜ ነገር ነው» ያሉት አልመሰለኝም። በዕድሜና በዘር የሚመጣው የሴቶች ጸጉር መሳሳት በአብዛኛው የሚጀምረው ከመሀል አናት ነው። ጸጉር መሀል ለመሀል ሲከፈል የሚታየው መስመር ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል እንጂ የግንባሩ ጠርዝ ባለበት ይቆያል። የእርስዎ ግን የሸሸው ከጠርዙ ነው፤ ያውም ሹሩባ በጣም ጠብቆ በሚያዝበት በግራና በቀኝ። ይህ ጸጉር ለረጅም ጊዜ ሲሳብና ሲወጠር የሚመጣ መመለጥ ነው ብዬ እገምታለሁ። መስታወት ፊት ቆመው ይመልከቱ። ድሮ ጸጉርዎ ይጀምርበት በነበረው መስመር ላይ ቀጫጭንና አጫጭር ጸጉሮች ቀርተው፣ ከእነሱ በስተኋላ ያለው ቦታ ከሳሳ፣ ግምቴ ይበልጥ ይጠነክራል። እነዚያ አጫጭር ጸጉሮች የቀሩት ሠሪዋ ጎንጉና ልትይዛቸው ስላልቻለች ነው። ቅንድብዎም አብሮ እየሳሳ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይናገሩ እንዳይመለሱ።

ቸኩሉ የምልበት ምክንያት ይህ ነው። አዲስ የተተከለ ችግኝን በየቀኑ ሳብ ሳብ ቢያደርጉት ለጥቂት ቀን ያዘነብላል እንጂ አይሞትም፤ ዓመት ሙሉ ሲስቡት ግን ሥሩ ይበጠሳል። የጸጉር ሥርም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ መወጠሩ ከቆመ ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን በሥሩ ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳ ከሠራ በኋላ ደግሞ የትኛውም ቅባት፣ የትኛውም ዘይት ጸጉር አያበቅልበትም። ቆዳው ለስልሶና አብረቅርቆ፣ የጸጉር ቀዳዳዎቹ ጨርሰው ከጠፉ ያ ቦታ አልፏል ማለት ነው። በየሱቁና በየስልኩ «መላጣን በአንድ ወር የሚያበቅል» እየተባለ ለሚሸጥ ጠርሙስ ገንዘብዎን እንዳያወጡ አደራ እላለሁ። እርስዎ ግን ገና «እየሸሸ ነው» ነው ያሉኝ፤ ስለዚህ ሊተርፍ የሚችል ጸጉር አለዎት።

ሹሩባ አይሠሩ አልልዎትም። አልባሶውም ሆነ ሌላው ሹሩባ የአያቶቻችን ነው፤ ለበዓል፣ ለሰርግ የማይሠራው ማን ነው? ጉዳቱ ያለው በአጠባበቁ፣ በላዩ በሚጨመረው ሰው ሠራሽ ጸጉር ክብደትና ያለ ዕረፍት በመደጋገሙ ላይ ነው። «እንዲቆይልኝ ጠበቅ አድርጊው» ማለት በየጸጉር ቤቱ የተለመደ ነገር ነው። ተሠርተው በወጡ ዕለት ራስዎን ወጥሮ ከያዘዎት፣ ቅንድብዎ ወደ ላይ የተሳበ ከመሰለዎት፣ ማስታገሻ ውጠው ከተኙ፣ በማግስቱም በሹሩባው ሥር ትንንሽ ብጉር መሳይ ነገሮች ከወጡ ጸጉርዎ እየተጎዳ ነው። ያኔ ገንዘቤን ከፍያለሁ ብለው እንዳይጠብቁ፤ በዚያው ማታ ይፍቱት። በኬሚካል የለሰለሰ ጸጉር ላይ ጥብቅ ሹሩባ መሥራት ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ጸጉሩ አስቀድሞ ደክሟልና። በሚቀጥሉት ወራት የግንባሩን ጠርዝ ጭራሽ ነጻ ይልቀቁት። መሸፈን ካስፈለገ ላላ ያለ ሻሽ ወይም ነጠላ ይበቃል። ሹሩባ ከሠሩም ወፈር ያለ፣ ላላ ያለ፣ ከራስዎ ጸጉር ብቻ የተሠራ ይሁን፤ ከፈቱት በኋላም ለሳምንታት ያሳርፉት። ሴት ልጅ ካለችዎት የእሷንም ሹሩባ ይዩላት፤ ሲሠሩዋት የምታለቅስ ልጅ ቅብጠት ይዟት አይደለም።

ሐኪሙ ካየዎት በኋላ ሚኖክሲዲል የሚባል በራስ ቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ሊያዝልዎት ይችላል። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሠራው ለደም ግፊት በክኒን መልክ ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ጸጉር ሲያበቅሉ በመታየቱ ነው ወደዚህ የመጣው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጸጉር ይበልጥ ሊረግፍ ስለሚችል ደንግጠው እንዳያቋርጡ። ጸጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ከ4 እስከ 6 ወር ሳይሞላ ሠራ አልሠራም ብሎ መፍረድ አይቻልም። እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ግን አይጠቀሙበት።

ስለ ቅቤም ልንገርዎ፤ ሳይጠይቁኝ የማነሣው ብዙ ሴቶች ጸጉር ሲሳሳ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ለጋ ቅቤ ስለሆነ ነው። ቅቤ ጸጉርን ያለሰልሳል፤ እንዳይሰባበርም ይረዳል፤ ከሥር ግን አያበቅልም። ፎረፎር ላለበት ሰው ደግሞ ያባብሳል። ፎረፎርን ከሚያስነሡት አንዱ ማላሴዢያ የሚባል በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው፤ የሚመገበው ደግሞ ቅባት ነው። ፎረፎር ሲይዘን «ደርቆብኝ ነው» ብለን ቅቤ ስንጨምር ለፈንገሱ ቀለብ እያቀረብን ነው ማለት ነው። ለእሱ የሚበጀው ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፑ ነው፤ የራስ ቆዳ ላይ አሽቶ 5 ደቂቃ ያህል አቆይቶ መታጠብ።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ። የ7 ዓመት ልጅ ራሱን ሸፍኖ፣ ብቻውን ተቀምጦ ይውላል የሚለውን ሳነብ በጣም አዘንሁ። ቆረቆር የሚድን በሽታ ነው። ልጅዎ ያልዳነው እርስዎ ስላልተንከባከቡት ሳይሆን መድኃኒቱ በሽታው ወዳለበት ስላልደረሰ ነው። በአገራችን ቆረቆርን በብዛት የሚያመጣው ትሪኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባል ፈንገስ ነው፤ እሱም የሚኖረው በጸጉሩ ዘንግ ውስጥ ነው። ጸጉሩን ከውስጥ ስለሚበላው ከቆዳው እኩል ይሰበራል፤ በተመለጠው ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ነጥብ የሚመስለውም የተሰበረው ጸጉር ጉቶ ነው። ከላይ የሚቀባ ቅባት እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቆረቆር በሚዋጥ መድኃኒት እንጂ በቅባት ብቻ አይድንም። ነጭ ሽንኩርቱን ደግሞ እባክዎ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ጥሬው ቆዳን ያቃጥላል፤ የተቃጠለ የልጅ ራስ በፈንገሱ ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል። የሚቀቡት ቅባት ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ ከሆነም ለሐኪሙ ያሳዩት። ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) የተቀላቀለበት ቅባት ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር እየተስፋፋ መልኩን ስለሚቀይር ሐኪምንም ያሳስታል።

የሚዋጡት መድኃኒቶች ሁለት የታወቁ አሉ፤ ግሪሲዮፉልቪንና ተርቢናፊን። ግሪሲዮፉልቪን ከሆነ የታዘዘለት ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሰጥ በደንብ ወደ ደም ይገባል። መጠኑ በልጁ ክብደት ስለሚለካ ለጎረቤት ልጅ የታዘዘውን አይስጡት። እናቶች በብዛት የሚሰናከሉት በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ማሳከኩ ይቆማል፣ ጸጉሩም ብቅ ብቅ ይላል፣ መድኃኒቱም ይቋረጣል፤ ከዚያ በሽታው ይመለሳል። ሐኪሙ «አበቃ» እስኪልዎት ይጨርሱት።

ይህ ፈንገስ የሚኖረው በሰው ላይ ስለሆነ የሚተላለፈውም ከሰው ወደ ሰው ነው። ማበጠሪያ፣ ኮፍያ፣ ትራስ፣ የጸጉር ቤት ማሽን መንገዶቹ ናቸው። የወንድምና የእህቶቹን ራስ፣ የእርስዎንም ጭምር ያስመርምሩ፤ ትልልቅ ሰዎች ምልክት ሳያሳዩ ተሸክመውት ልጁን ደጋግመው ሊያሲዙት ይችላሉ። ሁላችሁም ለጥቂት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ በኬቶኮናዞል ሻምፑ ታጠቡ። ማበጠሪያችሁን ለዩ፤ ኮፍያውንና የትራስ ልብሱን በሙቅ ውኃ እጠቡ። መላጨት የግድ አይደለም፤ ያልጸዳ ማሽንና ምላጭ ራሱ በሽታውን ያዛምታል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ። አንዳንዴ የሰውነት መከላከያ ፈንገሱን አጥብቆ ሲዋጋ የልጁ ራስ ላይ መግል የቋጠረ፣ ለስላሳና የሚያም ትልቅ እብጠት ይወጣል፤ ከአንገቱ ኋላም ዕጢ ያብጣል። ሰው ቡግንጅ መስሎት ሊያፈርጠው ወይም ሊያስበጣው ይፈልጋል። አይነካም! መድኃኒቱ ያው የሚዋጠው ነው፤ ከዘገየ ግን ጠባሳ ጥሎ በዚያ ቦታ ጸጉር ለዘለዓለም ሊያስቀር ስለሚችል በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው። ከዚህ ውጭ የልጅዎ ጸጉር ሙሉ በሙሉ ተመልሶ እንደሚበቅል ተስፋ ያድርጉ።

ክኒኑን «ለራስ ቁስል ይህን ሁሉ ሳምንት?» ብለው ለሚያንኳስሱት ሰዎች የምናገረው ታሪክ አለ። ግሪሲዮፉልቪን ለሕክምና የዋለው በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት በብዙ አገሮች የቆረቆር ሕክምና የልጆችን ራስ በኤክስሬይ ጨረር መትቶ ጸጉሩን ማርገፍ ነበር። እስራኤል ውስጥ በ1950ዎቹ በተለይ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ስደተኞች ልጆች በሺዎች በዚህ መንገድ ታከሙ። ከዓመታት በኋላ በብዙዎቹ ላይ የአንጎል ሽፋንና የእንቅርት ዕጢ ዕባጮች ታዩ፤ አገሪቱም በ1994 የካሳ ሕግ አወጣች። የእኛ ልጆች ዛሬ የሚጠየቁት ክኒንና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ለመምህሩ ደግሞ በግልጽ ይንገሩት። ልጁ መድኃኒት ከጀመረ ከትምህርት የሚቀርበት ምክንያት የለም፤ አጠገቡ መቀመጥም አያስፈራም፤ ኮፍያና ማበጠሪያ አለመዋዋስ ይበቃል። መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ ቢናገርለት ለልጅዎ ትልቅ ነገር ነው።

እብጠቷ ላይ ደረስን። ከነገሩኝ ተነሥቼ ስገምት ከጸጉር ሥር የተነሣች፣ በቀጭን ሽፋን የተከበበች ከረጢት ናት። ሰው «ስብ ነው» ይላል፤ ውስጧ ያለው ግን ስብ ሳይሆን ኬራቲን ነው፤ ጸጉራችንና ጥፍራችን የተሠራበት ነገር። እንዲህ ያሉ ከረጢቶች አብዛኞቹ የሚወጡት ራስ ላይ ነው፤ በሴቶችም በርከት ይላሉ፤ ከወላጅ ወደ ልጅም ይወርዳሉ። እናትዎ ሁለቱን ይዘው እስከ ዛሬ በጤና መኖራቸው ለእርስዎ ጥሩ ማስረጃ ነው።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን የእናትዎን ፍርሃት አልንቀውም፤ ምንጩ ይገባኛል። ሰዎች ካንሰር ይዟቸው ለረጅም ጊዜ ቆይተው፣ መላ ሲጠፋ ብቻ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ሲከፈት ቀድሞውኑ ተሰራጭቶ ይገኛል፤ ከዚያ ታማሚው ሲሞት ቤተሰብ የሚያስታውሰው ቢላዋውን ነው። ያሰራጨው ግን ብረቱ ሳይሆን ያለፈው ጊዜ ነበር። የእርስዎ ዓይነቷ ከረጢት ደግሞ ሲጀመርም የምትሰራጭ አይደለችም። ካላስቸገረችዎት ሊተዋትም ይችላሉ። ማበጠሪያ እየነካት የምታስቸግርዎ ከሆነ በቦታው ማደንዘዣ ብቻ ተወግታ የምትወጣ ናት፤ በዚያው ቀን ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። ዋናው ነገር ከረጢቷ ከነሽፋኗ እንድትወጣ ነው፤ ሽፋኑ ከቀረ ተመልሳ ትሞላለች። የወጣውም ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ እንዲመረመር ይጠይቁ። በመጭመቅ ወይም በመርፌ በመውጋት ግን አይሞክሩ፤ ከቆዳው ሥር ከፈነዳች ታቃጥላለች፤ ታመረቅዛለች፤ በኋላም ለማውጣት ታስቸግራለች። በሳምንታት ውስጥ ቶሎ ካደገች፣ ማመም ከጀመረች፣ ከቆሰለች ወይም ከደማች፣ ወይም መንሸራተቷን ትታ ከአጥንቱ ጋር ከተጣበቀች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

ፊትዎ ላይ ያሉት ትንንሽ ጥቁር ነገሮች በእኛ የቆዳ ቀለም በጣም የተለመዱ ናቸው፤ ጉንጭና ዓይን ዙሪያ በዕድሜ ይበዛሉ፤ ወደ ካንሰርም አይለወጡም። ክሩን ይቅርታ ጠይቀው ለጎረቤትዎ ይመልሱላት። በክር የታሰረ፣ በአሲድ የተቃጠለ ፊት ያመረቅዛል፤ ከነጥቡ የባሰ ጠባሳም ይቀራል። ጠባሳቸው እየወፈረ በሚያብጥ ቤተሰብ ውስጥ ከሆኑማ ለቆዳ ሐኪምም ቢሆን አስቀድመው ይንገሩት። አንገትዎ ላይ ካሉት ተንጠልጣዮች ጋር ቆዳው ጠቁሮና ወፍሮ ከፋይ ጨርቅ የሚመስል ከሆነ የደም ስኳርዎን ይለኩ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ።

ሰው ፊቱ ላይ ያለውን ነጥብ ሲፈራ የእግሩን ጫማ የሚያየው የለም። ጥቁር ሰዎችን የሚይዘው ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በብዛት የሚወጣው በእግር ጫማ፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይ በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ የሞተው በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው። በእግር ጫማ ላይ አዲስ የወጣ፣ የሚሰፋ፣ ዳርቻው ያልተስተካከለ ጥቁር ነገር ወይም በአንድ ጥፍር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካዩ፣ ያኔ መፍራትዎ ተገቢ ነው።

ደሴ ላሉት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብዎ ነው፤ የቆዳ ሕክምና አለው። አዲስ አበባ ቢሆኑ አለርትን እነግርዎት ነበር። ሁለቱም በሥጋ ደዌ ሕክምና ስማቸው ስለሚታወቅ «እዚያ ስገባ ሰው ቢያየኝ» ብለው የሚቀሩ ብዙ ናቸው፤ ያ ፍርሃት የስንቱን ልጅ ጸጉርና ቆዳ እንዳስከፈለ ባወራ አያልቅም። ሥጋ ደዌን ለረጅም ዘመን ያከሙ ቤቶች ቆዳን ማየት የሚያውቁ ቤቶች ናቸው።

ሲሄዱ ሹሩባዎን ፈትተው፣ ቅቤም ሆነ ቅባት ሳይቀቡ ይሂዱ፤ የተሸፈነ ራስ አይመረመርም። ልጅዎንም ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ከተሰበሩት ጸጉሮች ናሙና ሊወስድ ስለሚችል ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ምንም አይቀቡት። እስካሁን የተጠቀሙባቸውን ቅባቶች ከነማሸጊያቸው በቦርሳ ይያዙ። እናትዎ ፈቃደኛ ከሆኑ እሳቸውም አብረው ቢመጡ ጥሩ ነው፤ የእሳቸውን ሁለት እብጠቶች ሐኪሙ ቢዳስስ የእርስዎን ለመለየት ይረዳዋል።